የክፍሎም ዘንግ

አቶ ተወልደመድህን ቅዳሜ ጧት የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው ደርቀው ቀሩ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው የለም። መንጠቆዎቹን የሚያኖሩበት የብስኩት ቆርቆሮም የለም።

ትርፍ ጎማው ቦታው ላይ ነው። ክሪኩም አለ። ናይሮቢ ውስጥ ሌባ መኪና ላይ እጁን ካሳረፈ መጀመሪያ የጎን መስታወት፣ ቀጥሎ ትርፍ ጎማ እንደሚወስድ ካሳራኒ ሰፈር ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቃል። መስኮት አልተሰበረም፣ በሩም አልተነካካም። አቶ ተወልደመድህን ግን በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ የሚያመዛዝን ልብ አልነበራቸውም።

ዘንጉ የታላቅ ወንድማቸው የክፍሎም ነበር። ክፍሎም ምጽዋ ላይ አንድ ቀን ዘንጉን ቤት ትቶ በጀልባ ወጣ፤ አልተመለሰም። እጀታውን በሰማያዊ ናስትሮ የጠቀለለው ራሱ ነው። አቶ ተወልደመድህን ከምጽዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሲንከራተቱ ልብስም ጥለዋል፣ የትምህርት ማስረጃም ጥለዋል፤ ዘንጉን ግን አልጣሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛቸው ከሐብተማርያም ጋር ናይቫሻ ሐይቅ ይወርዳሉ። ዓሣ ተያዘ አልተያዘ ግድ የላቸውም። ዘንጉን ይዘው ውኃው ዳር ሲቀመጡ ወንድማቸው አጠገባቸው ያለ ይመስላቸዋል፤ ሌላ የትም ቦታ አይመስላቸውም።

ዘንድሮ ግን ብዙ ቅዳሜ ቀርቶባቸዋል። በሚያዝያው ዝናብ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡና ከሞት አፍ ተመለሱ። ከዚያ ሰሞን የሚያስታውሱት የኮርኒሱን መብራት ብቻ ነው። ሲድኑ ለቅዱስ ገብርኤል አንድ ያማረ ጃንጥላ አስገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተንኪኤል ጃንጥላውን አገላብጠው አዩና ጥሩ ነው ብቻ አሉ። ሐኪሙ ናይቫሻን የፈቀደላቸው ገና በቅርቡ ነው፤ ከፈቀደላቸው ጊዜ ጀምሮ ዘንጉ ከመኪናው ወርዶ አያውቅም።

የመኪናው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከኪሳቸው አይለይም። ሌላው ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የግቢው ዘበኛ ባራሳ ማለዳ መኪናውን ሊያጥብ ሲል አንኳኩቶ ይወስደዋል። ታዲያ ማን ይጠርጠር?

ባራሳን ጠርተው ጠየቁት። ምንም እንዳላየ ተናገረ፤ ሲናገር ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ለአቶ ተወልደመድህን ይህ በቂ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው የጠፋው የዓሣ ዘንግ መሆኑን ሲሰማ ሳቁን እየዋጠ፣ አገሩ ሽማግሌን እንደሚጠራው ምዜ ብሎ፣ ሌላ ቢገዙ አይሻልም ወይ አላቸው። ጊኮምባ ገበያ ገብተው ከሐብተማርያም ጋር ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። የሚታጠፍ አለ፣ የሚመዘዝ አለ፤ ሰማያዊ ናስትሮ ያለበት ግን የለም። ሲመለሱ የቲካ መንገድ ትራፊክ ውስጥ ቆመው አለቀሱ። ሐብተማርያም ያላየ መስሎ ከፊት ያለውን ማታቱ ታክሲ ሲያይ ቆየ።

የዚያን ዕለት ወይዘሮ ለተንኪኤል እግራቸውን በሞቀ ውኃ አጠቡላቸው።

‹‹እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ታገሥ፤ እሱ ያወጣዋል›› አሉ። ‹‹ዘበኛውን ግን ተወው። እሱ አይደለም።››

‹‹ታዲያ ማን ነው?››

ለተንኪኤል ውኃውን ሊደፉ ተነሡ።

አቶ ተወልደመድህን አልታገሡም። ባለቤታቸው ለጉዳይ ወደ ዌስትላንድስ ሰፈር በወጡበት ባራሳን ለቀጠረው የጥበቃ ድርጅት ደወሉ። በማግሥቱ ባራሳ የደንብ ልብሱን አጣጥፎ አስረከበ። በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ምዜ እግዜር ያሳይዎት አለና ሄደ። ቅር አላቸው። ግን ወንድማቸው የጠቀለለውን እጀታ አሰቡና ልባቸውን አጠነከሩ።

ወይዘሮ ለተንኪኤል ይህን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ዱቄትና ዘይት ገዝተው ባራሳ ወደ ተከራየበት ቤት ሄዱ። ቤቱ ተዘግቷል፤ ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገሩ ገብቷል አሏቸው። ስልኩም አይሠራም።

‹‹አየሽ? ንጹሕ ቢሆን ለምን ይሸሻል?›› አሉ አቶ ተወልደመድህን። እንዲህ ይበሉ እንጂ ባለቤታቸው ለሌባ እንኳ የሚራሩ ሴት በመሆናቸው በልባቸው ኮርተው ነበር።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ታቦቱ ከገባ በኋላ እንደ ወትሮው የስለት ዕቃ ጨረታ ተጀመረ። ናይሮቢ ያለ የኤርትራም የኢትዮጵያም ሰው ለገብርኤል የተሳለውን አያስቀርም፤ ቢያስቀር የሚመጣበትን ይፈራል። ምንጣፍ ተሸጠ፣ መጋረጃ ተሸጠ፣ አንዲት ዶሮ ክንፏን እያራገበች ተሸጠች። አጫራቹ አቶ ባንታየሁ ተጫዋች ሰው ስለሆኑ ግቢው በሳቅ ሞቋል።

ቀጥለው በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አነሡ። ነጠላው ተገለጠ። ሰማያዊ ናስትሮ ታየ።

አቶ ተወልደመድህን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሌባው ጭንቅ ሲይዘው ለገብርኤል ጥሎት ሄደ ማለት ነው። ባራሳ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከጎናቸው ወይዘሮ ለተንኪኤል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

‹‹ይቅርታ›› አሉ አቶ ተወልደመድህን። ‹‹ይህን ዕቃ ያመጣው ሰው ስሙ ይነገረን። እዚሁ፣ በሕዝብ ፊት።››

አቶ ባንታየሁ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

‹‹ኧረ አቶ ተወልደ፣ ያስገቡልዎ ወይዘሮ ለተንኪኤል ናቸው፤ ሆስፒታል ተኝተው ‹ገብርኤል፣ ከዚህ ካወጣኸኝ የክፍሎም ዘንግ የአንተ ነው› ብለው የተሳሉት ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት።››