የሰዓት ሠሪው ሞተር

ሰዓት ሠሪው ሱቁን በጊዜ እየዘጋ ወደ ቤት መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ታላቅ እህቱ እንቅልፍ አጣች። ሰው በስተርጅና አዲስ አመል ሲያወጣ ደግ አይደለም። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሴት ነበር። ሄዳ ስታይ ግን ወንድሟ ጋራዡ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ሆድ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ምነው ሴት በሆነች!» አለች እህትየው።

መኪናዋ የሚስቱ አባት ውርስ ናት። ሞተሯ ዘይት መብላት ስለጀመረ ወደዚህ ቤት የገባችው ተጎትታ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ኋላዋ ድፍን፣ ሲያዩዋት የዕቃ ማመላለሻ ትመስላለች። በደኅና ቀኗ ግን ጥምዝ መንገድ ላይ ሁለት ጎማዋን አንስታ ታልፍ ነበር እየተባለ ይወራል።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ሞተር አውርጄ ነው፣ እትዬ። የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል። እነሱን ለውጬ፣ ቫልቮቹን ፈጭቼ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትሮጣለቻ» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። «ፍሬኑን ግን ከሁሉ አስቀድሜ አድሼዋለሁ።»

«ይኸው! ሞቱን ራሱም ያውቀዋል!»

ቀልድ አልነበረም። መሃለኛ ወንድማቸውን የበላው መኪና ነው። እናታቸው ስትሞት ይህን የመጨረሻውን ልጅ «አደራ» ብላ የሰጠችው ለእሷ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ያለቀሰችለት፣ ሚስት ሲያገባ የሳመችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ እሱን ቀብራ ልትመለስ? እሷ በሕይወት እያለች አይሆንም።

ሰዓት ሠሪው ግን ሥራውን ቀጠለ። የሰዓት መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብሎኖቹን እንደ ሰዓት ጥርስ በየተራቸው ነጭ አንሶላ ላይ ደረደረ። አንሶላው የመኝታ ቤቱ ነው። የእህትየውን አንጀት ያበገነው ይኸው አንሶላ ነው። ሚስቱ ግን ምንም አላለችም።

ሚስትየው ምንም የማትል ሴት ናት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ የዕለት እንጀራዋ ሰው ዝም ማሰኘት ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት መጽሐፏን በጣቷ እንደያዘች ከቤት ወጣች። ጋራዡ በር ላይ ቆማ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ድምፁን አልወደድኩትም» አለች። «ከፍ ስትል የምትታነቅ ይመስለኛል።»

ባልየው ሞተሩን አጠፋና መልሶ መፍታት ጀመረ።

እህትየው በደስታ ጭኗን መታች። ሚስት ማለት እንዲህ ነው! ሳትጮህ፣ ሳታኮርፍ አስፈታችው! ገጥሞ ሲጨርስ ደግሞ ሚስትየው መጥታ «ቆማም ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች» አለች። እንደገና ተፈታ። ነዳጁን ቀነሰ፣ አየሩን ጨመረ፣ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደፍቶ ዋለ። እህትየው ሚስትየውን ማድ ቤት ጎትታ ገብታ ጉንጯን ሳመቻት።

«በርቺ፣ የኔ ልጅ! እንዲህ እያልሽ አቆዪልኝ።»

«ቸኩለው የሠሩት ነገር ጥሩ አይሆንም፣ እትዬ» አለች ሚስትየው።

ነገር ግን ሰዓት ሠሪ የነካው ነገር አንድ ቀን መሥራቱ አይቀርም። እህትየው ይህን ፈርታ መንገድ ዳር ወዳለው መካኒክ ሄደች።

«ስማኝ ልጄ። በወንድሜ ቀይ መኪና ነዳጅ መስጫ ሥር ብረት ቢጤ አታስገባልኝም? ቢረግጡት ቢረግጡት እንዳይወርድ።»

መካኒኩ እስኪያስለው ሳቀ። «እማማ፣ ይህን ሲጠይቀኝ እርስዎ ሁለተኛው ሰው ነዎት።»

«የመጀመሪያው ማን ነው?»

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ብቻ ብረቱን አስገብቼው ነበር። በማግሥቱ ተነቅሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።»

እህትየው ገባት። ምስኪኗ ሚስት አስገብታ፣ ያ ልበ ደንዳና ነቅሎታል! በብረት ካልሆነ በአካል ነው አለችና፣ ሞተሩ ተቃኝቶ አለቀ የተባለ ጠዋት ሄዳ ግቢው በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

ሞተሩ ጋራዡ ውስጥ ተነሥቷል። አይታነቅም፣ አይንቀጠቀጥም፤ እንደ ጠገበ ነብር ያንኮራፋል። ሚስትየው ራሷን ዘንበል አድርጋ ካዳመጠች በኋላ «አሁን ጥሩ ነው» አለች።

«ከዳሽኝ?» ብላ ጮኸች እህትየው። «በሬሳዬ ላይ ነው የምትወጡት!»

ወንድሟ ከጋራዡ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ተጠጋና በጆሮዋ «እትዬ፣ በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ከበሩ እንዳትነሺ» አላት።

«ጭራሽ ታሾፍብኛለህ!» ብላ ጀርባውን በጡጫ አለችው።

ሚስትየው መጥታ ትከሻዋን አቀፈች። «እትዬ፣ ምን አስፈራሽ? አብሬው እኮ ነኝ።»

«እግሩን አላምነውም!»

«እግሩ ነዳጅ መስጫውን አይነካም። በአባቴ አጥንት!»

«እጁስ?»

«እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሄደው። ደግሞ አንቺ ያሳደግሽው ልጅ ጨዋ ነው፤ መንገድ ላይ አንድም አጉል ነገር አያደርግም።»

እህትየው ዓይን ዓይኗን አየቻት። ይህች ሴት በአባቷ አጥንት ምላ ዋሽታ አታውቅም። ልቧ ራራ። ግንባሯን ሳመቻት፣ «አደራ፣ ወንድሜን ላንቺ ሰጥቻለሁ» አለችና ዞር ብላ የግቢውን በር በገዛ እጇ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ወንድሟ የወንበሩን ቀበቶ ሁለት ጊዜ ጎትቶ አጥብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ሲጀምር፣ ሚስትየው ጫማዋን አውልቃ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረችና መሪውን ጨበጠች።