የማይደገም ለቅሶ

ለይኩን የፊልም ሥራ የተማረው በንጉሡ ዘመን ከአንድ አሜሪካዊ ዳይሬክተር ነው። ሰውየው በአገሩ የካውቦይ ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ሲሠራ ኖሮ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝበት ለማስተማር አዲስ አበባ የመጣ ነበር። ማንኛውንም ትዕይንት አንዴ ብቻ ይቀርጻል። «እውነተኛ እንባ ሁለቴ አይመጣም» ይላል።

ለይኩን ይህችን ቃል ይዞ አረጀ። በደርግ ጊዜ ሰልፍ ቀረጸ፤ ከዚያ ወዲህ ሠርግ። «አይደገምም» እያለ ኬክ ሲጎራረሱ ያመለጡትን ስንቱን ሙሽራ አስኮርፏል። የራሱን ፊልም የመሥራት ዕድል ያገኘው ከባድመ ጦርነት ማግስት፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ሌላ ዕድል እንደማይመጣለት ያውቃል።

ፊልሙ የሚያልቀው በአንድ ወታደር ቀብር ነበር። ተዋናዮቹ ባዶ ሳጥን ተሸክመው የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ዳገት ተያያዙት።

«ኧረ ከበድ ያለ አስመስሉት» እያለ ለይኩን ይቆጣል።

ካሜራው መኪና ውስጥ ተደብቋል። የአገሬው ሰው ቀብር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እንጨት ተሸካሚውም ተማሪውም ተከተለ። ለይኩን የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ አጃቢ በነፃ።

አንዲት ሴት ጠጋ ብለው የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

«ወታደር ነው፤ ጦር ሜዳ የወደቀ» አለ አንዱ ተሸካሚ፣ እንደታዘዘው።

ሴትየዋ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የሳጥኑን ጫፍ በእጃቸው ደገፍ አድርገው ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ የተከተለው ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርስ እንባቸውን ጠርገው ቁልቁል ተመለሱ።

አመሻሽ ላይ ካሴቱን ሲያየው በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ቀርጾ እንደማያውቅ ገባው። ደስታው ግን አልቆየም። የሰው እናት በሐሰት ሬሳ አስለቅሶ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሊሸጠው ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በማግስቱ ሰፈር ለሰፈር ጠያይቆ ቤታቸውን አገኘ። ወይዘሮ አፀደ ይባላሉ።

«እትዬ አፀደ፣ አታለልኩዎት» አለ በራፋቸው ላይ ቆሞ። «የሞተ ሰው የለም፤ ለፊልም ነው። ካሴቱ ይኸው። አቃጥለው ካሉኝ አቃጥለዋለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ጠበቀ። ሴትየዋ በርጩማ አቀረቡለት።

«ሳጥኑን ስደግፈው ባዶ መሆኑን አውቄያለሁ» አሉ። «የእኔ ልጅ ሬሳው ከጦር ሜዳ አልመጣም። ቆሜ የማለቅስበት ሳጥን አላገኘሁም ነበር።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ነገም ትደግሙታላችሁ?»