ጀልባ ፍለጋ

ባሕር ዳር የጀልባ ትርኢት ሳምንት ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊው ድልነሳሁ ከማለዳ ጀምሮ በጣና ዳርቻ ባለጀልባዎችን ሲለምን ዋለ፤ ሁሉም ግን «በእንግዳ ተይዟል» እያሉ መለሱት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንበሩ የሚባል ባለጀልባ አዘነለት።

«ለነገ የያዘኝ እንግዳ ቀርቶብኛል፤ ይውሰዷት ጋሼ። ወደ የትኛው ገዳም ነው?»

«ገዳም አይደለም። ቀኑን ሙሉ እዚያ መሀል ላይ እንድታዞረን ነው።»

«ለሽርሽር ነዋ! ስንት ናችሁ?»

«ስንሄድ እኔና ባለቤቴ ነን። ስንመለስ፣ እግዜር ከረዳን፣ ሦስት እንሆናለን።»

መንበሩ ሳቀ። «ሦስተኛውን ከየት ነው የምንጭነው?»

ድልነሳሁ በጣቱ ወደ ውሃው አሳየው። ልጁ ናሁሰናይ ቅዳሜ ዕለት ሊዋኝ ገብቶ በዚያው ቀረ። ይፈልጉት የነበሩት ዋናተኞችም ትርኢቱ ሲጀመር ወደዚያ ተጠርተው ሄደዋል።

«አስከሬኑን ብቻ» አለ ድልነሳሁ፤ «እናቱ አፈር እንድታለብሰው።»

የመንበሩ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ነፍስ ይማር» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያየው ሳይደፍር፤ «ጀልባዋ እኮ ገና ትናንት ነው ቀለም የተቀባችው።»