ሁለተኛው ምት

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከስፌት መኪናው ጋር አስደግፋ፣ ባሏ እንዳስለመዳት ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች የጣሊያንኛውን ቃል ቆራረጠችው። አስ፣ ፔት፣ ታ፣ ኖ፤ «ይጠብቃሉ» ማለት ነው። የጣሊያንኛ ፈተናውን ካለፈች እሱ ወዳለበት ጣሊያን ትሄዳለች።

«አሁንም ሦስተኛውን አከበድሽው» አላት ባሏ፣ ፊቱ ስልኩ ላይ እየታየ። «ሁለተኛው ነው ጠንከር የሚለው። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ምላሴ እንዳንተ ግትር ሆነብኝ!» ብላ ሳቀች።

ጣቷን እንደገና ስታነሳ ግን፣ ከእሱ በኩል ጠረጴዛ ሲመታ ሰማች። አንዴ ቀስ፣ አንዴ ጠንከር፣ ሁለቴ ቀስ፤ ልክ እንደሚያስተምራት። ሁለቱም እጆቹ አገጩ ሥር ነበሩ። ወዲያው አንዲት ትንሽ ልጅ ጉልበቱ ላይ ወጥታ ወደ ስልኩ አየችና እየሳቀች በጣሊያንኛ ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ ከነገሩ ሁሉ የገባት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ፓፓ»።

ስልኩ ከእሱ በኩል ተዘጋ።

«ምነው አቆምሽ፣ ልጄ?» አሉ የስፌት ሱቁ ባለቤት ከጎኗ ጨርቅ እየቆረጡ። «በይ እንጂ፣ ፈተናው እኮ ደረሰ።»

አየር ላይ የቀረውን ጣቷን አወረደችና አራት ጊዜ መታች። ሁለተኛውን አጠነከረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳሳተችም።