የዶክተሩ ዶሮዎች

ዶክተር ቶርስተን ከዴንማርክ መጥቶ በሰሜን ዩጋንዳ፣ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ጎጆ ይዞ ሲቀመጥ የተመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የራሱ ዶሮ የጣለችው እንቁላል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው የውሃ ቦቴው ጥሩምባ ነው፤ በሰፈሩ ዶሮ ሲጮኽ ሰምቶ አያውቅም።

ልጇ ከወባ የዳነላት ማማ ጆኩዱ ግራጫ ዶሮ አቅፋ መጣች።

«አይሆንም እማማ፣ ለልጆችዎ ያስቀሩት።»

«ዶሮ አልቀበልም ያለ እንግዳ ሰደበን ማለት ነው። ከዚያ ድረስ ልትሰድበኝ መጣህ ልጄ?»

ተቀበለ። ከጤና ጣቢያው ሲመለስ ዶሮዋ የለችም።

በሳምንቱ አናጢው ሎኩ ሌላ ዶሮ አመጣለት። እሷም ግራጫ ናት። ቤቱን እንደምታውቅ ሁሉ ቀጥ ብላ ገብታ አልጋው ሥር ተኛች። በማግስቱ ጠፋች። የዶክተሩ ሚስት ከዴንማርክ በስልክ «እንቁላሉስ?» ስትለው «ገና ነው» ይላታል።

ቀኑን ሙሉ ደጁ ላይ የሚቀመጠው ዘበኛው ኬኒ ብቻ ነው።

«ኬኒ፣ ዶሮዬ የት ሄደች?»

«ዶሮ እኮ እግር አላት፣ ዶክተር።»

«ሸሚዝህ ላይ ያለው ላባስ?»

«ላባ ደግሞ ይበራል» አለ ኬኒ እያራገፈ።

አዋላጇ ኪደን በተራዋ ዶሮ ስትሰጠው ዶክተሩ ዘዴ ፈጠረ። ከጫማው ቀዩን ክር ፈትቶ በዶሮዋ ግራ እግር ላይ አሰረ።

«ምን ሆና ነው?» አለ ኬኒ።

«የዶሮ በሽታ ገብቷል። መድኃኒት ነው» ብሎ ዋሸው። «ከተፈታ ትሞታለች።»

ኬኒ ክው አለ። «ኧረ ማንም አይነካውም!»

በማግስቱ ዶሮዋም ክሩም የሉም።

ዶክተሩ ኬኒን ሽማግሌዎች ፊት አቆመው። ሌባ ከተባለ ዘበኝነቱን ያጣል፤ አምስት ልጆቹ የሚያድሩት ደግሞ በዚያችው ሥራ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ።

«ሰርቀሃል?» አሉት የሰፈሩ አለቃ፣ ሱልጣን ጃዳ።

«ወሰድኩ እንጂ አልሰረቅሁም።»

«ወስደህ የት አደረስካት?» ብሎ ዶክተሩ ጮኸ።

ኬኒ ሰዉን አየ። ማማ ጆኩዱ አቀረቀረች። ሎኩ ጥፍሩን ይመረምራል። ኪደን በነጠላ ጫማዋ መሬቱን ትጭራለች።

«በላኋት» አለ ኬኒ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጨው ግን አንሷቸው ነበር።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ሱልጣኑ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ዘበኝነቱ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቶበታል። እንግዳችን ግን ባዶ እጁን አይገባም። ካሳውን እኔ እሰጣለሁ፤ ድሮም ተራው የእኔ ነበር።»

ወደ ጎጇቸው ተጣሩ። ልጃቸው ግራጫ ዶሮ አቅፋ ወጣችና በሁለት እጇ ለዶክተሩ ዘረጋችለት።

በዶሮዋ ግራ እግር ላይ ቀይ የጫማ ክር ታስሯል፤ ማንም አልነካውም።