ማይማይን ያላየው ሐኪም

«ክብርት ዳኛ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ስለዚች ልጅ አይደለም» አለ የመንግሥት ጠበቃው፣ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ፣ መነጽሩን በመሐረብ እየወለወለ። «የሷ ዓይነት ሕመም ስላለበት ስለማንኛውም ሰው ነው።»

ሕመም! ኤርሊንዳ ጥርሷን ነከሰች። ልጇ፣ ማይማይ፣ አጠገቧ ተቀምጣ የቀሚሷን አበባ በጣቷ ትከተላለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድሮም ይዛ ተወለደች እንጂ፣ ታማ አልጋ ላይ የዋለችበትን ቀን እናቷ አታስታውስም።

የቪዛው ሐኪም አንድም ቀን አላያት። ቢሮው ቁጭ ብሎ ወረቀቷን አገላበጠና ዕድሜ ልኳን የምታስወጣውን ደረደረ፦ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሚያጥባት ሰው፣ የሚያጎርሳት ሰው። «ለአውስትራሊያ ከባድ ወጪ ናት» ብሎ ፈረመ። ከቤተሰቡ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃልና አባትም እናትም የመኖሪያ ቪዛ ተከለከሉ። በትውልድ ከተማዋ በኢሎኢሎ ገበያ ዓሣ እንኳ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ታይቶ ነው ዋጋ የሚጠራለት!

ኤርሊንዳ እዚሁ አዴሌድ ከተማ፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያን ስታጥብና ስታጎርስ ስድስት ዓመት ሆናት። እሱን ማን አሰላላት? ማይማይም ከትምህርት ቤት ስትመጣ በየአልጋው ትዞራለች። ሽማግሌ ካየች አታልፍም፤ እንዳገሯ ሥርዓት እጁን ስባ ግንባሯ ላይ ታስነካለች፣ «ተባረኪ» ሳትባልም አትለቅም። ራሳቸውን የረሱት እንኳ ይቺን ቃል ተምረውላታል።

«ጎበዝ ናት፣ ደግ ናት እያልሽ እንዳትናገሪ» ብላት ነበር ጠበቃዋ ፊዮና ጠዋት። «ዳኛዋ የሚያዩት ሐኪሙ በትክክል አስልቶ እንደሆነ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ልጄን ለምን አመጣኋት?»

«ባታመጫትም ይቻል ነበር።»

ዳኛዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐኪሙ ማስላት የነበረበት የዚችን ልጅ ያህል ችግር ያለበትን ሰው ወጪ ነው። ያሰላው ግን ከአልጋ የማይነሳ የሌላ ሰውን ነው። ውሳኔው ተሽሯል።»

ፊዮና ተነስታ ኤርሊንዳን አቀፈቻት። «አሸነፍን!»

«እዚሁ ልንኖር ነው በቃ?»

«እሱ ገና ነው። እንደገና ይሰላል። አሁን ግን በትክክል።»

«ሐኪሙ ልጄን ያያታል?»

ፊዮና ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች። «አይ፣ በወረቀት ነው።»

ወይ ድል! ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገቱት ልጃቸው ዳግመኛ እንድትተመን ኖሯል። የኤርሊንዳን አፍ ምራቅ ሞላው። እንዳትተፋው ምንጣፉ ንጹሕ ሆነባትና ዋጠችው።

ዘወር ስትል ማይማይ ከወንበሯ የለችም። ሽማግሌው ጠበቃ ፊት ደርሳለች።

«ማይማይ! ነይ ወዲህ! ለሱ ይሄ ክብር አይገባም!»

ማን ሰምቷት። ሽማግሌው ልትጨብጠው መስሎት ቀኝ እጁን ዘረጋ። ማይማይ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ዝቅ ብላ፣ ግንባሯ ላይ አስነካችው።

«ምን ... ምን ፈልጋ ነው?» አለ ወደ ኤርሊንዳ ዞሮ።

«ምንም» አለችው። «ሽማግሌ ስለሆኑ ነው።»

ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። እጁን ቀስ ብሎ ሊስብ ሲል ማይማይ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ችሎቱ ባዶ ሆነ፣ ዘበኛው በሩን ይዞ ቆመ። እሷ ግን ግንባሯን ከእጁ ሳታነሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው።