እስከ «ሲሳየነ»

ሄርሜላ የሽቦውን ጫፍ የሚንተከተከው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከታ ላፕቶፑን አየች። ዘጠና ሁለት ይላል።

«ውሃ በመቶ ነው የሚፈላው ብለሽኝ አልነበር?» አለ አባቷ በኃይሉ፣ ሽርጡ ላይ ያለውን ዱቄት እያራገፈ። «ይኸውልሽ፣ ከአሁኑ ዋሸ።»

«አልዋሸም አባዬ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ነው። ልክ ነው ማለት ነው።»

«ውሃውም ያገሩን ጠባይ ያዘ በይኛ» ብሎ ሳቀ።

ሙቀት መለኪያው ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብላ የበየደችው ትንሽ ቦርድ ነው። ሽቦው እስከ ሺህ ዲግሪ ይችላል፤ ያየውን በኬብል ለላፕቶፑ ይናገራል። ለጨዋታ አልሠራችውም። ላፍቶ ያለው ዳቦ ቤታቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳቦ ሲያሳርር ከፉሪ ድረስ ይመጡ የነበሩ ደንበኞች ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረዋል። በኃይሉ ጥፋቱን ሃያ ዓመት ባበላው ምድጃ አላኮ፣ ነገ ጠዋት መጥቶ የሚያፈርሰው ግንበኛ ቀጥሯል። እሷ ደግሞ ምድጃው የቱ ጋ እንደታመመ ሳይታወቅ መዶሻ አይነካውም ብላ ድርቅ አለች።

ሽቦውን በምድጃው ጎን ባለችው ቀዳዳ አሾልካ አስገባች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሲደርስ «ለዳቦ ይሄ ይበቃል» አለች።

በኃይሉ እጁን ከቶ አወጣና «ገና ነው» አለ። «እሱን የሚያውቀው እጄ ነው።»

የበኃይሉ መለኪያ አቡነ ዘበሰማያት ነው። ቀኝ እጁን ምድጃው አፍ ውስጥ ከቶ ይደግማል። ሙቀቱ እጁን «ሲሳየነ» ላይ ካስወጣው ዳቦው ይገባል፤ ቀድሞ ካስወጣው በዝቷል፣ ቃሉን ካለፈ ደግሞ ገና ነው። ከአባቱ የተማረው ልክ ነው፤ ስቶት አያውቅም።

እንጨት ጨመረ። ላፕቶፑ ሦስት መቶ አስር ሲል እጁን እንደገና ከተተ።

«አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ…» እያለ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ተረጋግቶ ደገመ። «ሲሳየነ» መጣ፤ አለፈ። «ኅድግ ለነ አበሳነ» አለ። እጁ እዚያው ነው።

ሄርሜላ ቁጥሩን አየች፣ አባቷን አየች። የሠራችው ነገር ተሳስቶ ቢሆን ምንኛ በወደደች። ከዚያ የተቃጠለ ፀጉር ሸተታት።

ክው አለች። አባቷ ስኳር ካለበት ሰባት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ በሽታው ስሜት ያደነዝዛልና ማታ ማታ እግሩን ፈትሹ ብሏቸዋል፤ ስለ እጅ ያነሳላቸው ሰው ግን አልነበረም።

ክንዱን ይዛ አወጣችው። የጣቶቹ ፀጉር አሯል፣ ቆዳው ቀልቷል። ፊቱ ላይ የሕመም ምልክት የለም፤ ጸሎቱን ስላቋረጠችው ብቻ ቅር ብሎታል።

«ምነው ልጄ?»

«ምድጃው ደህና ነው አባዬ» አለች።

ቧንቧው ጋ ወስዳ ከፈተችለት። ውሃው በእጁ ጀርባ ላይ ወረደ። በኃይሉ ጎንበስ ብሎ ሲወርድ አየው፣ ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፋቸው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። ከዚያ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቃት።

«ሄርሚ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ሙቅ?»